ጆሮ ያለው ቫልቭ

ደቡብ ሰርቢያ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሦስት ፔዳል ገዝቻለሁ፤ ሦስቱም አታላይ።
የመጀመሪያው ባትሪ በሊታ፣ ቢጫ ቆርቆሮ፣
ሲረግጡት የሚንጫጫ እንደ ተረገጠ ዶሮ።
ሁለተኛው ከሚላዲን በግማሽ ዋጋ የመጣ፣
ሲሞቅ ብቻ ያምራል፤ እስኪሞቅ ኮንሰርቱ አለቀ፣ ሰው ወጣ።
ሦስተኛው ግን፣ የሁለት ወር ኪራይ የዋጠ፣
ደረቱ ላይ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ውስጥ ቫልቭ የተቀመጠ፣
ገና ሶኬት ሲነካ ቦግ የሚል እንደ ፍም፤
እውነተኛ ነው አልኩ፤ እሳት አይዋሽም።

ማክሰኞ ማታ በሩ ተንኳኳ።
ከሥሬ የምትኖረው ደሳንካ ናት ለካ፤
እግሯ ላይ የቤት ጫማ፣ እጇ ላይ የመጥረጊያ እንጨት፣
ፊቷ ላይ የሦስት ሌሊት ቁጣ፣ እንቅልፍ የተነፈገበት።
«አንተ ልጅ፣ ጣሪያዬ ሊወርድ ነው» ብላ ልትጀምር፣
ዓይኗ መስኮቱ ላይ ወደቀ፤ ቁጣው ሆነ ምርምር።
ተንበረከከች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።
«አጥፋው።» አጠፋሁ። «አብራው።» አበራሁ። ሳቀች።

«ይሄ ብርሃን የራሱ አይደለም፤ ከጀርባው አምፖል ተለጥፎለታል፤
ቫልቭ እንዲህ ቦግ አይልም፤ ቀስ ብሎ ይነጋለታል፣
ሲጠፋም ድርግም አይል፤ እንደ ከሰል ያመሻል።
አሥራ ሁለት ቮልት ደግሞ! ለዝንብ ቁርስ አይሆንም፤
የሸጡልህ ስሙን ነው፤ ሥራውን አልሸጡልህም።»

ለካ ይህች ሴት፣ «ቆሻሻህን አውጣ» የምትለኝ፣
ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ የምትነፍገኝ፣
ሃያ ሰባት ዓመት በቫልቭ ፋብሪካ፣ በነጭ ጋውን፣
ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትጠመጥም ነው ያደከመች ዓይኗን።
ፋብሪካው ተዘጋ። በሩ ላይ አሁን የመኪና ማጠቢያ አለ።
ስጠይቃት እጇን አወናጨፈች፤ ወሬው እዚያው ተንጠለጠለ።
ወርዳ ተመለሰች፣ በወንድ ካልሲ የተጠቀለለ
ቫልቭ ይዛ፤ አናቱ ብር፣ ቁጥሩ ከመስታወቱ የኮበለለ።

«ፈተና የወደቀ ነው» አለች። «በእርሳስ ጫፍ እንነካካቸው ነበር፤
ዝም ያለው ለካርቶን፣ የጮኸው ለቅርጫት፣ ለመሰበር።
ጆሮ ያለው እንለው ነበር። ቫልቭ መስማት የለበትም፤
ይሄን ግን... እንጃ፣ መጣል አልሆነልኝም።»

ሁለት ሳምንት በየድኩ። ትራንስፎርመሩ ከራዲዮ ሬሳ።
አንዴ ሁለት መቶ ሃምሳው ቮልት መታኝ፤ ጣቴ ለአንድ ቀን የክሩን መንገድ ረሳ።
«ቆርቆሮው በዛ»፣ «ቆርቆሮው አነሰ»፣
ምክሯ ከብየዳው ጭስ ጋር ዓይኔን እያስለቀሰ።

አበራነው። ምንም የለም። ጠበቅን። አሁንም ምንም የለም።
ከዚያ ከሆዱ፣ ቀይ ሳይሆን ብርቱካን፣ ያልተቀባ ቀለም።
ወፍራሙን ክር አንዴ መታሁት፤
አልተሰበረም፣ ጎረነነ እንጂ፤ ሠርግ አምሽቶ
ውሃ ሳይቀምስ እንደሚናገር ሰው በጠዋት።
በቀስታ ሲነኩት ይጠራል፤ ሲጫኑት ይቆጣል፤
ጣቴ የፈራውን ሳይቀር አጉልቶ ያወጣል።
ደሳንካ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳርፋ «ሞቀ» አለች፤
ስለ ድምፁ አንድ ቃል ሳትናገር ወርዳ ተኛች።

እውነቱን ልናገር፤ ለመድረክ አይሆንም። ከበሮ በተመታ ቁጥር ያፏጫል፤
ሚላዲን «ይሄን በሽተኛ ጣለው» እያለ ይንጫጫል።
ቢጫውን ዶሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰው አይለየውም።
ይሄኛው ከቤት አይወጣም።

ትናንት ሳላጠፋው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፤
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፣
ጎርናና፣ ረጅም፣ ጊታሩ ተነቅሎ ሳለ ማንም ያልተጫወተው።
ደሳንካ ናት ከታች፣ ኮርኒሷን በመጥረጊያ እንጨት የምትመታው፤
የማጉያው ጉርምርምታ አላስተኛ ብሏት «አጥፋው» ማለቷ ነው።
እንጨቱ ለወለሉ፣ ወለሉ ለጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ለዚያ ጆሮ
ነግሮ፣ ነግሮ፣ ነግሮ፣
«አጥፋው» ያለችው በእኔው ማጉያ ዞሮ
ይዘምራል።

እጄን ወደ ማጥፊያው ላክሁ።
አንዴ እስክትደግመው ድረስ ቆየሁ።